ምጣዱ አልሞቅ ሲል፦ የኤሌክትሪክ ምጣድን ከውጭ ወደ ውስጥ መጠገን

የከተራ ዕለት ጠዋት ነበር፣ ጥር 10። ጎንደር ያለው ቤታችን እንግዳ ሞልቶታል። ከአዲስ አበባ የመጣ አለ፣ ከደባርቅ የመጣ አለ። ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ከመውረዳቸው በፊት እናቴ ሊጡን ጋግራ መጨረስ አለባት። አራተኛው እንጀራ ላይ ምጣዱ ቀዘቀዘ። እንጀራው ዓይን ሳያወጣ ሊጥ እንደሆነ ቀረ።

“ሞተ” አለችኝ እናቴ አክንባሎውን አንስታ።

የዚያን ቀን ጎረቤት ሄደን ጋገርን። በዓሉ ሲያልፍ ምጣዱን ለጠጋኝ ሰጠነው። ሬዚስታንሱን፣ ማለትም ውስጡ ያለውን የሚሞቅ ሽቦ፣ በሙሉ ቀይሮ መለሰልን። ሦስት ሳምንት ሳይሞላው እንደገና ቆመ። በዚህኛው ዙር ራሴ ፈታሁት። አዲሱ ሽቦ ደኅና ነው። የተቃጠለው ገመዱ ከሬዚስታንሱ ጫፍ ጋር የሚታሰርበት ቡሎን ነበር። ቡሎኑን የሚያጠብቀው ዳዶ ላልቷል። መዳቡ ጠቁሮ፣ ሲነኩት ይፈረፈራል። እሱን ለማስተካከል ግማሽ ሰዓት በቃኝ።

ከዚያ ወዲህ የእህቴንም፣ የጎረቤቶቻችንንም ምጣድ ፈትቻለሁ። ብዙ ጊዜ ያገኘሁት ያንኑ ነው። ሽቦው ሳይሆን መጋጠሚያው ነው የሚበላሸው። ስለዚህ አካሄዴ ሁልጊዜ ከውጭ ወደ ውስጥ ነው። መጀመሪያ ሶኬት፣ ከዚያ ስፒና፣ ከዚያ ገመድ፣ ከዚያ ቡሎን። ሬዚስታንሱን የማየው መጨረሻ ላይ ነው። እናንተም ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ። ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው ከመጨረሻው ሲጀምር ነው።

ምጣዱ እንዴት ነው የሚሠራው?

እንጀራው የሚጋገርበት ሸክላ ከሥሩ ክብ ክብ እየሠራ የሚዞር ቦይ አለው። በቦዩ ውስጥ ሬዚስታንስ የምንለው ጥምዝምዝ ሽቦ ተኝቷል። ሽቦው ብዙ ጊዜ ኒክሮም ነው፣ የኒኬልና የክሮሚየም ቅይጥ። ከላዩ በጀሶ ወይም በሌላ ሙቀት በሚችል ነገር ይሸፈናል። ከዚያ የቆርቆሮው አካልና እግሩ ይመጣል። የሽቦው ሁለት ጫፎች ወደ ጎን ወጥተው በሁለት ቡሎኖች ከገመዱ ጋር ይታሰራሉ። ያ ቦታ በትንሽ የቆርቆሮ ክዳን ይሸፈናል። በቃ፣ ይኸው ነው። አንዳንዱ ምጣድ ማብሪያና የሙቀት መቆጣጠሪያ ይኖረዋል እንጂ ከዚህ የተለየ ምሥጢር የለውም።

ቁጥሩን ግን እወቁት፣ ኋላ ያስፈልገናል። አብዛኛው የቤት ምጣድ ከ3,000 እስከ 4,000 ዋት ይበላል። መብራታችን 220 ቮልት ነው። 3,500 ዋቱን ለ220 ስናካፍለው ወደ 16 አምፔር ይመጣል። ይህ ለአንድ የቤት ዕቃ በጣም ብዙ ነው። የስልክ ቻርጀር ከዚህ አጠገብ ምንም ማለት አይደለም።

አሁን ቡሎኑ ለምን እንደሚቃጠል ማስላት ይቻላል። ዳዶው ትንሽ ላልቶ በመጋጠሚያው ላይ ግማሽ ኦም ብቻ ተቃውሞ ተፈጠረ እንበል። 16 አምፔር ሲያልፍበት እዚያች የሽምብራ ፍሬ በምታህል ቦታ ላይ 128 ዋት ሙቀት ይወጣል። ከድሮው ባለ 100 ዋት አምፖል ይበልጣል። ሲሞቅ መዳቡ ይዝጋል። ሲዝግ ተቃውሞው ይጨምራል። ተቃውሞው ሲጨምር ደግሞ የበለጠ ይሞቃል። እንዲህ እንዲህ እያለ አንድ ቀን ይቆማል።

ከመንካታችሁ በፊት

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ይህን ክፍል ሳታነቡ ካቻቢቴ እንዳታነሡ።

ስፒናውን ከሶኬቱ ንቀሉ። ማብሪያውን ማጥፋት ብቻውን አይበቃም። ብሬከሩንም አውርዱት። የተነቀለውን ስፒና ዓይናችሁ ሥር አድርጉት። ልጆች ያሉበት ቤት ከሆነ በፌስታል ጠቅልላችሁ እሰሩት። “ምጣዱ ተነቅሏል” ብሎ አንስቶ የሚሰካ ሰው ከየትም ሊመጣ ይችላል።

መብራት ስለጠፋ ብቻ ሥራ አትጀምሩ። ይህን የምለው ብዙ ጊዜ ስላየሁት ነው። መብራት ሲሄድ “አሁን ይሻላል፣ ኤሌክትሪክ የለም” ብሎ ሶኬት የሚፈታ ሰው አለ። መብራቱ መቼ እንደሚመጣ ማንም አይነግረውም። እጁ ሽቦው ላይ እያለ ሊመጣ ይችላል።

ምጣዱ እስኪበርድ ሁለት ሰዓት ያህል ጠብቁ። ሸክላ ሙቀት ይዞ ይቆያል። ከላይ የበረደ መስሎ ከታች ያቃጥላል። ወለሉ ደረቅ ይሁን፣ እግራችሁ ላይ ጫማ ይኑር።

ከቆጣሪው ወዲያ ያለውን ነገር ደግሞ በፍጹም አትንኩ። እሱ የኤሌክትሪክ አገልግሎት ሥራ ነው።

ዕቃ

ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ለዳዶው የሚሆን ቁልፍ፣ ሽቦ መላጫ ቢላ ወይም መቁረጫ ፒንሳ፣ ብርጭቆ ወረቀት። መለዋወጫው እንደ ብልሽቱ ይወሰናል። አራዳ ወይም ፒያሳ ዙሪያ ካሉት የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብሮች አዲስ ስፒና፣ አዲስ ቡሎንና ዳዶ ከሮንዴላው (ከዳዶው ሥር ከሚገባው ጠፍጣፋ ቀለበት) ጋር፣ ካፖኮርዳ የሚሉትን ባለቀዳዳ የሽቦ ጫፍ ይዛችሁ ብትመጡ አይቆጫችሁም። የተበላሸውን ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ። በቃል ከማስረዳት ማሳየት ይቀላል።

አንድ ነገር ግን ብትገዙ ደስ ይለኛል፦ መልቲሜትር፣ ቮልትና ኦም የሚለካው መሣሪያ። ርካሹም ይበቃል። መገመትን ያስቀራል። ካልሆነ ለአንድ ቀን ተዋሱ።

ናስትሮ፣ ሽቦ የሚጠቀለልበት የፕላስቲክ ፕላስተር፣ በሙቀት አጠገብ አይሠራም። ይቀልጣል፣ ይሸታል፣ ከዚያም ሽቦውን ራቁቱን ይተወዋል። ምጣድ ውስጥ ናስትሮ ተጠቅልሎ ካገኛችሁ አውልቃችሁ ጣሉት።

ምልክቱን አንብቡ

ምጣዱ ከመፈታቱ በፊት ራሱ ይናገራል።

ጨርሶ የማይሞቅ ከሆነ የሆነ ቦታ መንገዱ ተቋርጧል። ሶኬት፣ ስፒና፣ ገመድ፣ ቡሎን ወይም ሬዚስታንስ ነው።

ገመዱን ስታንቀሳቅሱት የሚመጣና የሚጠፋ ከሆነ ገመዱ ውስጡ ተበጥሷል ወይም ስፒናው ላልቷል። ስፒናው ከሞቀ፣ ፕላስቲኩ ቢጫ ወይም ቡናማ ከሆነ፣ ደግሞም የተቃጠለ ሽታ ካለ ጥፋተኛውን አገኛችሁት ማለት ነው።

ብሬከሩን የሚጥለው ከሆነ ሽቦው ከሌላ ሽቦ ወይም ከቆርቆሮው ጋር ተነካክቷል። የሚነዝር ከሆነ ደግሞ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አትጠቀሙበት። “ትንሽ ነው የሚነዝረው” የሚባል ነገር የለም። እጃችሁ ሊጥ ነክቶ እርጥብ ሲሆን ትንሹ ትልቅ ይሆናል።

ይሞቃል ግን ደካማ ነው? ችኮላ አያስፈልግም። አመሻሽ ላይ አምፖሉም ደብዝዞ ከሆነ ምጣዱ ላይ ምንም ችግር የለም። ቮልቱ ወርዷል። የሙቀቱ ኃይል የሚቀንሰው ከቮልቱ መቀነስ በበለጠ ፍጥነት ነው። ቮልቱ ከ220 ወደ 180 ቢወርድ ምጣዱ የሚሰጠው ከወትሮው ሁለት ሦስተኛውን ብቻ ነው። በዚያ ሰዓት የሚጋገር እንጀራ ይደርቃል፣ ዓይኑም አያምርም። ጠዋት ሞክሩት። ጠዋት ደኅና ከሆነ ካቻቢቴውን መልሱት።

አንዱ ወገኑ ብቻ ካልሞቀስ? ይህኛው ብዙ ሰው ያሳስታል። ባለ አንድ ሽቦ ምጣድ ውስጥ ሽቦው የትም ቦታ ቢበጠስ ሁሉም ይቆማል እንጂ ግማሹ አይሠራም። ስለዚህ ግማሹ ከበረደ ወይ ሁለት ሬዚስታንስ አለው፣ አንዱ ተቋርጧል፤ ወይም ደግሞ ሽቦው ከቦዩ ወጥቶ ከጎረቤቱ ዙር ጋር ተነካክቷል። ሲነካካ ኤሌክትሪኩ አቋራጭ ይዞ ያልፋል። የተዘለለው ክፍል ይበርዳል፣ የቀረው ከልክ በላይ ይግላል። እንዲህ ያለውን ምጣድ ሳይጠገን መጠቀም ደኅናውን ሽቦ ማቃጠል ነው።

ሶኬትና ስፒና

ሶኬቱን በሌላ ዕቃ ሞክሩት። ግን በስልክ ቻርጀር ከሞከራችሁ መልሱን ሙሉ በሙሉ አትመኑ። ቻርጀር የላላ ሶኬት ላይም ይሠራል። የሶኬቱን ፊት እዩ። ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ከጠቆረ፣ ስፒናው ሲገባ ካልጠበቀ ሶኬቱ መቀየር አለበት። በጠቆረ ሶኬት ላይ አዲስ ስፒና መሰካት አዲሱንም ማቃጠል ነው።

ስፒናውን ፍቱት። ውስጡ ያሉትን ብሎኖች በካቻቢቴ ሞክሩ። ሩብ ዙር እንኳ ከዞረላችሁ ላልቶ ነበር ማለት ነው። የሽቦው ጫፍ ከጠቆረ ቁረጡት። የሚያብረቀርቅ ቀይ መዳብ እስኪታያችሁ ድረስ ቁረጡ። ሁለት ሳንቲ ሜትር የጠቆረ ሽቦ ለማዳን ብላችሁ ሥራውን አታበላሹ። ከዚያ አዲሱን ጫፍ ልጣችሁ፣ ክሮቹን አንድ ላይ ጠምዝዛችሁ፣ ብሎኑ ሥር አስገብታችሁ አጥብቁ። ገመዱን የሚይዘውን ማነቆም አትርሱ። ማነቆው ከሌለ ስፒናው በተጎተተ ቁጥር የሚጎተተው ሽቦው ነው።

ስፒናው ላይ 16 አምፔር መጻፉን እዩ። ከዚያ በታች የተጻፈበት ለምጣድ አይሆንም። ባለ 4,000 ዋቱ ምጣድ ወደ 18 አምፔር ይስባል። ይህ ከተራ ስፒና በላይ ነው። እንዲህ ያለው ለብቻው መስመርና ብሬከር ይፈልጋል። ለዚያ ባለሙያ ጠርታችሁ አሠሩ። ቲቪና ፍሪጅ በተሰካበት ማከፋፈያ ላይ ደግሞ ምጣድ አይሰካም፣ የቱንም ያህል ቢቸኩሉ።

ገመዱ

ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጃችሁ ዳስሱት። የተላጠ፣ የደረቀ፣ የተሰነጠቀ ወይም አይጥ የቀመሰው ቦታ ካለ ሙሉውን ቀይሩት። መሐል ላይ አይቀጠልም። ውፍረቱ ቢያንስ 2.5 ካሬ (ካሬ ሚሊ ሜትር) ይሁን፣ ለ4,000 ዋት 4 ካሬ ይሻላል። ሦስት ሽቦ ያለውን ግዙ። ሦስተኛው፣ ቢጫና አረንጓዴው፣ ከቆርቆሮው አካል ጋር የሚታሰረው ነው። ከምጣዱ ኤሌክትሪክ ቢያመልጥ በእናንተ ምትክ ወደ መሬት የሚወስደው እሱ ነው።

አሮጌ ቤቶች ውስጥ የመሬት መስመር የሌለው ሶኬት ብዙ ነው። የእናንተም እንዲህ ከሆነ ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁ የመሬት ዘንግ አስተክሉ። ፍሰት ሲያመልጥ በራሱ የሚቆርጠውን ባለ 30 ሚሊ አምፔር ብሬከርም አብራችሁ ጠይቁት። ሽሮ የሚሠራበት፣ ልጅ የሚሮጥበት ማድ ቤት ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ወጪ አይታየኝም።

ቡሎኑ

እዚህ ደረስን። ምጣዱን ለሁለት ሆናችሁ ገልብጡት። ብቻውን የሚገለብጥ ሰው ሸክላ ይሰብራል። ከሥሩ አሮጌ ብርድ ልብስ አንጥፉ። ካስፈለገ ብቻ ነው የምትገለብጡት። ብዙ ምጣድ ላይ የገመዱ መግቢያ ክዳን በጎኑ ስለሚፈታ ሳይገለበጥም ይደረስበታል።

ክዳኑን ከፈታችሁ በኋላ ምንም ሳትነኩ በስልካችሁ ፎቶ አንሡ። የትኛው ሽቦ የት እንደታሰረ፣ ሮንዴላው በየት በኩል እንደነበረ ኋላ ይጠፋችኋል። እኔ መጀመሪያ ጊዜ ይህን ሳላደርግ ቀርቼ ሦስት ጊዜ ፈትቻለሁ።

አሁን እዩ። ደኅና መጋጠሚያ ብረቱ ንጹሕ ነው፣ ዳዶው በእጅ አይዞርም። የታመመው ጠቁሯል፣ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት አለው፣ የገመዱ ሽፋን ቀልጦ ወደ ኋላ ሸሽቷል። ጫፉ ላይ የመዳቡን ክር ብታጥፉት እንደ ደረቅ ቅጠል ይሰበራል።

ዳዶውን ስትፈቱ ቡሎኑን በሌላ ቁልፍ ወይም በፒንሳ ያዙት። ቡሎኑ አብሮ ከዞረ የሬዚስታንሱን ጫፍ ጠምዝዞ ይሰብረዋል። አሮጌ ሬዚስታንስ በሙቀት ብዛት ተሰባሪ ሆኗል። ዳዶው አልፈታ ካለ አትታገሉት። ጠብታ ዘይት አድርጋችሁ ሩብ ሰዓት ጠብቁ። ዘይቱን ኋላ በደንብ ጥረጉት። ያም ካልሆነ ዳዶውን በሰጋቶ (በብረት መጋዝ) መቁረጥ ሽቦውን ከመስበር ይሻላል።

ከተፈታ በኋላ የጠቆረውን ገመድ እንደ ስፒናው ቁረጡ። ቀይ መዳብ እስኪወጣ። የሬዚስታንሱን ጫፍ በብርጭቆ ወረቀት በቀስታ አጽዱት፣ እስኪያብረቀርቅ ድረስ። አሮጌውን ቡሎን፣ ዳዶና ሮንዴላ መልሳችሁ አትጠቀሙ። የዛገ ቡሎን ንጹሕ መስሎ ቢታይ እንኳ ጥርሱ ተበልቷል። ዋጋው ትንሽ ነው።

ካፖኮርዳውን በሽቦው ጫፍ ላይ አስገብታችሁ በፒንሳ አጥብቃችሁ ጭመቁት። ጎትታችሁ ሞክሩ። ከወጣ አልተጨመቀም። ካፖኮርዳ ከሌላችሁ የሽቦውን ክሮች ጠምዝዛችሁ በቡሎኑ ዙሪያ ቀለበት አድርጉ። ቀለበቱ ዳዶው በሚጠብቅበት አቅጣጫ፣ ማለትም በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ ይዙር። እንዲህ ሲሆን ዳዶው ሲጠብቅ ቀለበቱን ወደ ውስጥ ይሰበስበዋል። በተቃራኒው ከሆነ ገፍቶ ያስወጣዋል። ብዙ ሰው የማያየው ጥቃቅን ነገር ነው፣ ግን ከዓመት በኋላ ልዩነቱ ይታያል።

አሰላለፉ እንዲህ ይሁን፦ መጀመሪያ ሮንዴላ፣ ቀጥሎ የሬዚስታንሱ ጫፍ፣ ቀጥሎ ሮንዴላ፣ ቀጥሎ የገመዱ ካፖኮርዳ፣ ቀጥሎ ሌላ ሮንዴላ፣ በመጨረሻ እንደ ስፕሪንግ የሚገፋው የተሰነጠቀው ሮንዴላና ዳዶው። ስፕሪንግ ያለውን ሮንዴላ አትተዉት። ብረት ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲበርድ ይሰበሰባል። ይህ በየጋገራችሁ ቁጥር ይደጋገማል፣ ዳዶውም ቀስ በቀስ ይላላል። የእኛን ምጣድ ከጥገና በኋላ እንደገና ያቆመውም ይኸው መላላት ነው።

አጥብቁ፣ ግን ቡሎኑን እስክትሰብሩ አይደለም። ሁለቱ ቡሎኖች እርስ በርስም፣ ከቆርቆሮውም ጋር እንዳይነካኩ ተመልከቱ። ከቆርቆሮው የሚለያቸው የሸክላ ወይም የሚካ ሮንዴላ ካለ መልሱት፣ ከተሰበረም አዲስ ግዙ። በዚህ ቦታ የፕላስቲክ ሞርሴቶ (የሽቦ ማገናኛ) አይሆንም፣ ይቀልጣል። የሸክላውን ነው የምትፈልጉት። ቡሎኑ አጠገብ ያለውን የገመድ ክፍልም ሙቀት በሚችል ሽፋን አልብሱት። ቢጫና አረንጓዴው ሽቦ ከቆርቆሮው አካል ጋር በራሱ ብሎን ይታሰር። እዚያ ቀለም ካለ ብርጭቆ ወረቀት አድርጋችሁ እስከ ብረቱ ፋቁት፣ በቀለም ላይ የታሰረ ሽቦ ምንም አያገናኝም።

ሬዚስታንሱ ተበጥሶ ከሆነ

ቡሎኖቹ ደኅና ከሆኑ መልቲሜትሩን አምጡ። ገመዱን ከቡሎኖቹ ፈታችሁ መልቲሜትሩን ወደ ኦም አዙሩት። መጀመሪያ የመልቲሜትሩን ሁለት ጫፎች እርስ በርስ አነካኩ። የሚያሳየውን ትንሽ ቁጥር ያዙና ከንባቡ ቀንሱ። ከዚያ ሁለቱን የሬዚስታንስ ጫፎች ንኩ። የ3,000 ዋት ምጣድ 16 ኦም አካባቢ፣ የ4,000 ዋት ደግሞ 12 ኦም አካባቢ ያሳያል። ሲበርድ ትንሽ ዝቅ ቢል አያስደንግጣችሁ። ምንም ካላነበበ ሽቦው ተበጥሷል። ከ12 በጣም ካነሰ ደግሞ የሆነ ቦታ ተነካክቷል።

ቀጥሎ አንዱን የመልቲሜትር ጫፍ በቆርቆሮው፣ ሌላውን በሬዚስታንሱ ጫፍ አድርጉ። ምንም ማንበብ የለበትም። ካነበበ ሊጥ ወይም ውኃ ወርዶበታል፣ ወይም ሽቦው ቆርቆሮውን ነክቷል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሳይሠራ የቆየ ምጣድ ጎንደር ውስጥ እርጥበት መጥጦ እንዲህ ያሳያል። ስፒናው እንደተነቀለ ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ አቆዩትና እንደገና ለኩ።

መበጠሱ ከተረጋገጠና የተበጠሰው ቦታ በዓይን የሚታይ ከሆነ፣ አንድ ቦታም ብቻ ከሆነ መቀጠል ይቻላል። ሁለቱን ጫፎች አጽዱ። ትንሽ የብረት ቡሎን በሁለት ሮንዴላ መካከል አድርጋችሁ እሰሯቸው። ቡሎኑ ከጎረቤት ዙር ጋር እንዳይነካካ። በስታኞ፣ ቀልጦ ሽቦ በሚያያይዘው ብረት፣ መበየድ አይሠራም። ስታኞ ከ250 ዲግሪ በታች ይቀልጣል፣ ሽቦው ግን ከዚያ በጣም በላይ ይግላል። ጠምዝዞ ማገናኘት ብቻውንም ዕድሜ የለውም። ያው የላላ መጋጠሚያ ነው።

ስትቀጥሉ ሽቦ ቆርጣችሁ አትጣሉ። ሽቦው አንድ አሥረኛው ቢያጥር ተቃውሞው በዚያው ልክ ይቀንሳል፣ የሚስበው አምፔር ደግሞ ከፍ ይላል። ምጣዱ በጣም ስለሞቀ “ጎበዝ ሆነ” ትላላችሁ። በወሩ ሌላ ቦታ ይበጠሳል።

ሽቦው ሁለት ሦስት ቦታ ከተበጠሰ ወይም በጀሶ ሥር ተቀብሮ የማይታይ ከሆነ ለምጣድ ሠሪ ስጡት። ጀሶውን ፈልፍሎ፣ አዲስ ሽቦ በእኩል ርቀት ስቦ፣ መልሶ ሸፍኖ ማድረቅ የለመደ እጅ ይፈልጋል። ስታስረክቡ ግን ሁለት ነገር ጠይቁ። አዲሱ ሬዚስታንስ ስንት ዋት ነው? ቡሎኖቹስ ይቀየራሉ? እኛ በጥር ሁለተኛውን አልጠየቅንም።

ሸክላውም አብሮ ይታይ። ገበያ ላይ እናቶቻችን ሸክላ ሲገዙ በታጠፈ ጣታቸው ያንኳኳሉ። ደኅናው ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናል። ምጣዳችሁንም ሲበርድ እንዲሁ ሞክሩት። የላይኛው ፀጉር የሚያህል ጭረት ችግር የለውም። ሊጥ ወደ ታች የሚያሳልፍ ስንጥቅ ካለው ግን ሽቦው ላይ እርጥበት እየወረደ ነውና ሸክላው ይቀየር። ከከተማው ወጣ ብላ ያለችው ወለቃ የቤተ እስራኤል ሴቶች የሸክላ ሥራ መንደር ሆና የኖረች ናት። በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ብዙዎቹ ወደ እስራኤል ቢሄዱም የሸክላ ሥራው እዚያ እስካሁን አለ። ይህን የማንኳኳት ነገር ከሸክላ ሠሪ በላይ የሚያውቀው የለም። ቅዳሜ ገበያ ላይ ስትገዙም ሻጯን አንኳኩታ እንድታሰማችሁ ጠይቋት።

መልሶ ማስነሣት

ክዳኑን ግጠሙ። ምጣዱን አስተካክላችሁ አስቀምጡ። ከመሰካታችሁ በፊት መልቲሜትሩን በስፒናው ሁለት እግሮች ላይ አድርጉ። ማብሪያ ካለው አብሩት። ቅድም ያያችሁት ኦም መምጣት አለበት። አንዱን ጫፍ ደግሞ በቆርቆሮው፣ ሌላውን በስፒናው እግር አድርጉ። ምንም አያንብብ።

ጫማ አድርጋችሁ ስኩት። ብሬከሩን አንሡ። ሁለት ደቂቃ ራቅ ብላችሁ ጠብቁ። ጭስ፣ ሽታ፣ የመንጣጣት ድምፅ ካለ ወዲያው ብሬከሩን አውርዱ። ጀሶው ወይም ሸክላው አዲስ ከሆነ ትንሽ እንፋሎት ቢወጣ ያለ ነው። እንዲህ ሲሆን በአንድ ጊዜ አታግሉት። አምስት ደቂቃ አብሩ፣ አሥር ደቂቃ አጥፉ። ሦስት አራት ጊዜ ደጋግሙት።

ከአሥር ደቂቃ ሙሉ ሙቀት በኋላ ብሬከሩን አውርዳችሁ፣ ስፒናውን ነቅላችሁ በእጃችሁ ዳስሱት። ለብ ያለ ከሆነ ደኅና ነው። ይዛችሁ ማቆየት ካልቻላችሁ አሁንም የላላ ነገር አለ፣ ወደ ስፒናው ተመለሱ።

ከዚያ ምጣዱን አሟሹት። ጎመን ዘር ወቅጣችሁ፣ በማሰሻ ፊቱን ሁሉ አዳርሱት። ሸክላው አዲስ ከሆነ ደጋግሙት። የመጀመሪያውን እንጀራ ስትጋግሩ ዓይኑን እዩ። ክብ ዙሪያውን እኩል ካወጣ ሽቦው እኩል እየሞቀ ነው። በአንድ ወገን ዓይኑ ከጠፋ ወይም ሊጡ ከቆየ ምጣዱን ሩብ ዙር አዙራችሁ ሌላ ጋግሩ። ጉድለቱ አብሮ ከዞረ ችግሩ ሽቦው ላይ ነው። በነበረበት ከቀረ ምጣዱ ዘንበል ብሎ ተቀምጧል፣ እግሩን አስተካክሉ።

ከአሥር ቀን ያህል አገልግሎት በኋላ ስፒናውን ነቅላችሁ፣ ምጣዱን አብርዳችሁ የጎኑን ክዳን አንድ ጊዜ ክፈቱ። ዳዶዎቹን በቁልፍ ሞክሩ። ብዙ ጊዜ ጥቂት ይዞራሉ፣ አዲስ ብረት ሞቆ በርዶ ቦታውን እስኪይዝ እንዲህ ነው። አጥብቃችሁ ዝጉት። እኛ ቤት ይህን በዓመት ሁለት ጊዜ እናደርገዋለን። አንዱ ከአዲስ ዓመት በፊት ነው። ሁለተኛው ጥር ከመግባቱ በፊት፣ እንግዳ ሳይመጣ።